ምን ትበላለች?

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ፓታን ከተማ፣
ከጭነት መኪና ሆድ ሥር ነው የኖርኩት፤
ተንጋልዬ ሳለሁ፣ የሰማይ ኮከብ ሳይሆን
የሚንጠባጠብ ዘይት ነው የቆጠርኩት።
ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር አብሮኝ አርጅቷል፤
ንሁቼማያ፣ ሚስቴ፣ በአመድ በሎሚ ፈትጋ ፈትጋ
«በቃ ተወው» አለች፣ «ይሄስ ቆዳ ሆኗል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የኔ ግን ዘመድ ነው፣ ታማኝ መልእክተኛ፤
አውቶቡስ ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምቶ
ይነግረኛል፦ ይሄ የፒስተን በሽተኛ፣
ያኛው ፍሪሲዮን ነው፣ ያቺማ ደኅና ነች፣
ከፍቶት ያደረ ሾፌሯ ነው እንጂ።

ሳኑማያ ልጄ፣ ጥርስ የምታክመው፣
አንድ ሐሙስ ማታ መኪና ገዝታ መጣች፤
መግባቷን ያወቅነው
ውሻው ዘግይቶ፣ አፍሮ ሲጮህ ነው።
ሰማያዊ ነገር፣
አመጣጧ ሁሉ እንደ ድመት እግር።
«አባዬ፣ ክፈታት» አለችኝ። ኮፈኗን አነሣሁ።
እጄ የሚያውቀውን ፈልጎ ፈልጎ
ባዶውን ተመለሰ፦
አንድ የታሸገ ሣጥን፣ ብርቱካን ቀለም ገመድ፣
«እንዳትነካ» የሚል የመብረቅ ሥዕል፤
ጥግ ላይ አንዲት ክዳን፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ መሙያ።
እሷን ከፈትኳት።
በጆግ ውሃ ቀዳሁ፣ ቀስ ብዬ ሞላሁ።
«የአርባ አንድ ዓመት ሙያ
በአንድ ጆግ ውሃ አለቀ» ብዬም ሣቅሁ፤
ሳኑ ግን አልሣቀች።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቆጣሪያችንን አይቶ አፏጨ፤
ጣት የሚያክል ሽቦ በግድግዳው ዘረጋ።
ገመዷ በማድቤት መስኮት ስለምታልፍ
መስኮቱ አልገጥም አለ፤ የጥር ብርድ ገባ።
ንሁቼማያ ሻሏን ጠቅልላ ቀዳዳው ላይ ወተፈች፤
«እሷ ትጥገብ እንጂ፣ እኛስ እንቀዝቅዝ» አለች።

ከበሩ ጀርባ ዛሬም ያልተላጠ ወረቀት አለ፦
የመብራት ማጥፊያ ተራ፤ ሰፈራችን ምድብ አራት።
ያኔ ቀኑን የምናውቀው በጨለማው ነበር።
ሳኑ የጥርስን ስም ያጠናችው በሻማ፤
መጽሐፏ ውስጥ የመንጋጋው ሥዕል
እስካሁን ሰም ጠብ እንዳለበት ነው።
ናፍጣ የጠፋበት ብርድም ትዝ ይለኛል፤
ማደያው በር ላይ፣ በርሜሌን ታቅፌ፣
ሦስት ሌሊት ያደርኩት።

የጎረቤቱ ልጅ ሪጃን፣ ገና ስድስት ዓመቱ፣
በገመዷ ዙሪያ ሲዞር ሰንብቶ
«ምን ትበላለች?» አለኝ።
«መብራት» አልኩት።
«ታዲያ ሲጠፋ ትራባለቻ!»
መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ማታ፣ እራት ላይ ሳለን፣ እልም አለ።
ቅያሱ በሙሉ ባንድ አፍ «ውይ!» አለ።
እየዳበስኩ ወጣሁ። ሪጃን ቀድሞኛል፤
በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ሳህን፣
የተቀጠቀጠ ሩዝ። ኮፈኗ ላይ አኖረላት፤
በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዝም ብሎ ቆመ።
እኔም ከጎኑ ቆምኩ። ምን እላለሁ?
እናቱ እስክትጠራው ሁለታችንም አልተነፈስንም።

ወደ እኩለ ሌሊት መጣ። መስኮቶች ነጡ።
ከሆዷ ውስጥ «ጠቅ» አለች አንዲት ድምፅ፤
ጆሮዬን እንደ ጥንቱ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ለጠፍኩ።
ቀጥሎ ትንፋሽ የመሰለ ማራገቢያ፤
ከዚያም ኋላ፣ መማል አልምልም፣
ከበረዶ ሥር የሚወርድ ውሃ የመሰለ ነገር።
ጆሮዬ ሸምግሎ ይሆናል።
ወይም ዘመዴ ታርቆኝ ይሆናል።

ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው፤
ውሻው ወዲያ ያያል።
ሪጃን እየሮጠ መጣ፦ «በላች አይደል?»
«በላች» አልኩት፣ «ሁለቱንም።»